ተማሪ የሰው ድርሰት ስለ ምን ይገለብጣል?

(በሬዲዮ ከተሰማው ንግግር)

ዱከምን ሳታውቃት አትቀርም። ከአዲስ አበባ ተነሥተህ በአሮጌው የአዳማ መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዝ የምታገኛት፣ በጥሬ ሥጋዋ ስሟ የታወቀ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ቻይናውያን ያቋቋሙት የኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን የጫማውንና የሲሚንቶውን፣ የጨርቃ ጨርቁንም ፋብሪካ የደረደረባት ከተማ ናት። ይህን ሁሉ ካወቅህ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። የዱከም ሐይቅ በየት በኩል ነው?

በዱከም ሐይቅ እንደሌለ ከተማይቱን አንድ ቀን ያየ ሁሉ ያውቃል። ሐይቅ ማየት የፈለገ ሰው ጥቂት ወደ ፊት ገፍቶ ቢሾፍቱ ይወርድና ሆራን ወይም ባቦጋያን ያያል። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን ማንሣት በማያስፈልግ አንድ ኮሌጅ ከውጭ መርማሪ ሆኜ ተጠርቼ ሳለ፣ በእጄ የገባው በእንግሊዝኛ የተጻፈ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ «የዱከም ከተማ ዋነኞቹ ግብር ከፋዮች በሐይቁ ዳር ያሉት ሆቴሎች ናቸው» ይል ነበር። ጽሑፉ አስቀድሞ ስለ ሐዋሳ የተጻፈ ኖሮ፣ «ሐዋሳ» የሚለው ስም በኮምፒዩተር አንድ ጊዜ በ«ዱከም» ተለውጧል፤ ሐይቁ ግን «ሐይቁ» ብቻ ተብሎ ተጽፎ ስለ ነበር ሳይነካ ቀርቷል።

ጽሑፉን ያቀረበው ዕድሜው ከአርባ ያለፈ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ሐይቁ የት እንደ ሆነ ብጠይቀው አንገቱን ደፋ። የፈተናው ጉባኤ ግን ብዙ አልተከራከረም፤ «ጥቂት እርማት ይደረግበትና ይለፍ» ተባለ፤ ሐይቁም ተሰረዘና ጽሑፉ አለፈ። እኔም ፈረምሁ። ስለዚህ ይህን ንግግር የማደርገው ከዳኛ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንዳይመስልህ።

ከጉባኤው በኋላ ሰውዬው በበረንዳው አገኘኝና፣ «ጋሼ፤ ይቅር ይበሉኝ። ጽሑፉን ከፍዬ ነው ያሠራሁት። የሐይቁን ነገር እኔም አላየሁትም» አለኝ። «በግብር ሥራ 16 ዓመት ኖረህ ስለ ምን ራስህ አልጻፍኸውም?» ብለው፣ «ነገሩንስ ዐውቀዋለሁ፤ እንግሊዝኛው ነው እምቢ ያለኝ» አለ። ቀጥሎም እዚያው እንደ ቆምን፣ ነጋዴው ደረሰኝ የማይቆርጥበትን፣ ገዢውም ደረሰኝ የማይጠይቅበትን ምክንያት፣ የሥጋ ቤት ሒሳብም በምን መንገድ እንደሚሰወር ግማሽ ሰዓት ያህል በአማርኛ አስረዳኝ። እጅግ የጠለቀ ዕውቀት ነበር። ከጽሑፉ ገጾች ግን በአንዱም ላይ አልነበረም።

እንግዲህ ይህን ሰው ሌባ ልንለው ነውን? ብንለውስ፣ ዕውቀቱ ሳለው ስለ ምን ሰረቀ? መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ ራቅ ብለን መመልከት ግድ ይሆንብናል።

የሰውን ድርሰት የራስ አስመስሎ ማቅረብ ፈረንጆች ዛሬ የሚጠሩበት ስም ከሮማውያን ቋንቋ የመጣ ነው። በመጀመሪያው ምእተ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ የኖረው ባለቅኔ ማርሺያል፣ ግጥሞቹን ሌላ ሰው የራሱ አስመስሎ ቢያነብበት ያን ሰው «ባሪያ ፈንጋይ» በሚል ቃል ሰደበው። ለሮማዊው ባለቅኔ ግጥሙ እንደ ልጁ ወይም እንደ ቤተ ሰቡ ስለ ነበረ፣ የወሰደበትን ሰው እንደ ገንዘብ ሌባ ሳይሆን ነጻውን ሰው ጠልፎ እንደሚሸጥ ሰው ቈጠረው ማለት ነው።

በእኛ ቋንቋ ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። «ገለበጠ» የሚለው ቃል መጽሐፍ በብራና ላይ ለሚጽፈው ጸሓፊም፣ የባልንጀራውን የቤት ሥራ ለሚቀዳው ተማሪም ያገለግላል፤ ለፊተኛው ምስጋና ነው፣ ለኋለኛው ነቀፌታ። ይልቁንም የሚያስደንቀው፣ ባለቅኔ በጉባኤ መካከል ቆሞ አዲስ ቅኔ ሲያፈስስ «ቅኔ ዘረፈ» መባሉ ነው። ከሁሉ ይልቅ የራሱ የሆነውን ነገር የሚናገር ሰው በዘራፊ ስም ይጠራል!

የቀድሞው ትምህርታችን በሦስት ቤት ሦስት ዓይነት ሕግ ነበረው። በንባብ ቤትና በዜማ ቤት ሕጉ መቅዳት ነው። ዳዊት የሚደግም ልጅ አንዲት ፊደል ቢስት ይገሠጻል፤ ድጓ የሚማር ደቀ መዝሙር ምልክቱን ከመምህሩ አፍ እንደ ተቀበለ መመለስ እንጂ ከራሱ መጨመር አይፈቀድለትም። ቁም ጸሓፊውም እንደዚሁ ነው፤ ከፊቱ ያለውን መጽሐፍ ሳይቀንስና ሳይጨምር የገለበጠ እንደ ሆነ ሙያው ይመሰገንለታል። በዚህ ምክንያት ዛሬ አንዳንድ ሰዎች፣ «ተማሪው የሚኮርጀው ከአባቶቹ የወረሰው ቃል በቃል የማጥናት ልማድ ስላለበት ነው» ይላሉ። ይህን አስተያየት ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ነገር ግን የሚናገሩት ሰዎች ከንባብ ቤት ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ቤቶች ያላዩ ይመስለኛል።

ሁለተኛው የቅኔ ቤት ነው። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ በዋድላም ሆነ በጎንደር የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከውሻ ጋር እየታገለ የለመናትን ቍራሽ ከቀመሰ በኋላ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔ ሲቈጥር ይውላል። ጀማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይነሣል፤ እየበረታ ሲሄድም ዘአምላኪየና ሚበዝኁ፣ ዋዜማና ሥላሴ፣ ከዚያም መወድስ ይደርሳል። በመሸም ጊዜ የዋለበትን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰሙና ወርቁ መስማማቱን፣ ቤቱ መምታቱን፣ አገባቡ መቅናቱን እየመረመረ ያርምለታል። ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ ቅኔ የዕለቱ ነውና።

አሁን ልብ በል፤ ያ ተማሪ የባልንጀራውን ቅኔ ሰርቆ ቢያቀርብ ምን ያገኛል? መምህሩ የእያንዳንዱን ተማሪ ቅኔ ዕለት ዕለት ስለሚሰማ፣ ትናንት ጉባኤ ቃና ሲያንገዳግደው የነበረ ልጅ ዛሬ የበሰለ መወድስ ይዞ ቢመጣ ከማን እንደ ወሰደው ለማወቅ ምንም መሣሪያ አያስፈልገውም። ስርቆትን የሚከለክለው ቅጣቱ ሳይሆን መምህሩ ተማሪውን ማወቁ ነበር።

ሦስተኛው የትርጓሜ ቤት ነው። በዚህ ቤት ሰው የራሱን አሳብ ከመናገር ይልቅ የቀደሙትን ሊቃውንት ቃል ያወርዳል፤ ቢሆንም ቅሉ የሌላውን ቃል ሲያመጣ «እንዲል» ብሎ ማስረጃውን ያቆማል፤ የተለየ ትርጓሜ ሲኖርም «አንድም» ብሎ ይለየዋል። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በግርጌ ማስታወሻ የሚያደርገውን ሥራ የትርጓሜ መምህር በአንዲት ቃል ይፈጽመዋል። የጥንት ተርጓሚዎችም እንዲሁ ምንጫቸውን ይናገሩ ነበር። በ14ኛው ምእተ ዓመት የተጻፈው ክብረ ነገሥት እንኳ በመደምደሚያው፣ መጽሐፉ ከቅብጥ ወደ ዐረብ፣ ከዐረብም ወደ ግእዝ እንደ ተመለሰ ይናገራል፤ የተርጓሚውንም የይስሐቅን ስም ይጠራል። ስለዚህ ምንጭን መጥቀስ ከባሕር ማዶ የመጣብን እንግዳ ሥርዐት አይደለም።

ታዲያ የዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲከፈት ከእነዚህ ከሦስቱ ቤቶች የወረሰው የትኛውን ነው? እንደ እኔ አስተያየት ንባብ ቤቱን ብቻ ወርሶ ቅኔ ቤቱንና ትርጓሜ ቤቱን ከደጅ አስቀርቷቸዋል። መጽሐፍ በጠፋበት ክፍል መምህሩ ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ማስታወሻ ይጽፋል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ በፈተና ቀን ያንኑ ይመልሳል። ቃል በቃል የመለሰ ከፍ ያለ ነጥብ ያገኛል። ልጁ 12 ዓመት ሙሉ በዚህ መንገድ ሲመሰገን ኖሮ ዩኒቨርሲቲ በገባ በማግስቱ፣ ያ ምስጋና ወንጀል ሆነ ይባላል።

ያም ሆኖ መጀመሪያ ላይ ነገሩ እንዲህ አልከፋም ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው በሉስየን ማት መሪነት በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲመረቅ፣ ተማሪዎቹ ጥቂቶች ነበሩና መምህሩ እንደ ቅኔ ቤቱ መምህር እያንዳንዱን በስሙ ያውቀው ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮም ተማሪዎች ለዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይላኩ ስለ ነበረ፣ አገሩን በዓይናቸው አይተው ይመለሱ ነበር። የታሪክ ክፍል ተማሪዎች ሽማግሌ እየጠየቁ የጻፏቸው የመመረቂያ ጽሑፎች ዛሬም በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ስለ ዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ በእንግሊዝኛ ባሳተሙት መጽሐፍ እነዚህን የተማሪ ጽሑፎች ከነጸሓፊዎቻቸው ስም ጠቅሰዋቸዋል። መምህር ተማሪውን «እንዲል» ብሎ ሲጠቅሰው፣ ለዚያ ተማሪ ከዚህ የበለጠ ክብር ከወዴት ይመጣል?

በሕግ በኩልም ጕድለት አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1647 ጀምሮ የድርሰትንና የኪነ ጥበብን ባለቤትነት ይደነግግ ነበር። ከዚያም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ተተካ። ነገር ግን በተማሪ ወረቀት ምክንያት ፍርድ ቤት የሚቆም ማን አለ? የተሰረቀበት ደራሲ ወሬውን አይሰማም።

መልኩ የተለወጠው ቁጥሩ ሲለወጥ ነው። በ1983 ዓ.ም. ዛሬ ኢትዮጵያ በምንለው ክልል ውስጥ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 ይበልጣሉ፤ የግል ኮሌጆቹን ቈጥሮ የሚዘልቅ የለም። በዚሁ በስምጥ ሸለቆው መንገድ እንኳ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ የተቋቋመው ትምህርት ቤት በ1998 ዓ.ም. አዳማ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ይህ መስፋፋት ለአገር መልካም ነገር ነው፤ የድኻው ልጅ የተማረው በዚህ ነውና አልነቅፈውም። ነገር ግን ሕንፃ በሦስት ዓመት ይሠራል፤ የሰው ጽሑፍ አንብቦ የሚያርም መምህር በሦስት ዓመት አይሠራም። ያም ሳይበቃ በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 የሚበልጡ ነባር መምህራን በአንድ ጊዜ ተሰናብተዋል። አንድ አማካሪ የብዙ ተማሪ ጽሑፍ በተሸከመ ጊዜ ገጹን ይቈጥራል እንጂ አያነብም፤ ተማሪውም አለመነበቡን ዐውቆ አይጽፍም።

በመጀመሪያ ዲግሪው ክፍል ደግሞ ከ2000ዎቹ ዓመታት ወዲህ «አንድ ለአምስት» የሚባለው አደረጃጀት ገባ። ጎበዙ ደካማውን ይደግፋል ተብሎ የታሰበ ነበር። በተግባር ግን ከስድስቱ አንዱ ይጽፍ፣ አምስቱ በሽፋኑ ላይ ስማቸውን ያሰፍሩ ነበር። ይህን ያደረጉት በስውር ሳይሆን በፈቃድ ስለ ነበረ፣ ልጆቹ ባልጻፉት ወረቀት ላይ ስም ማኖር ነውር መሆኑን ከየት ይማሩት?

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም የነበረውን ታስታውሳለህ። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ በአደባባይ ስለ ተሰራጨ ተሰረዘ። ከዚያም በኋላ ኩረጃው ስላልቆመ፣ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተወስደው ተፈተኑ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው የመውጫ ፈተና ሲሰጥም ያለፉት ከመቶ 40 ያህሉ ናቸው። እነዚህ ቁጥሮች የተማሪውን ስንፍና ብቻ የሚያሳዩ አይመስሉኝም፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ቁጥሮች በምን እንደ ቆሙም ጭምር ይነግሩናል።

አሁን ወደ ቋንቋው ነገር ልምጣ፤ የዱከሙ ሰው የጠቈመኝ ዋናው ቍስል ይህ ነውና። ቀድሞ ከ7ኛ ክፍል፣ ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ደግሞ በሕጉ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው። የዱከም ልጅ በቤቱ ኦሮምኛ፣ በገበያው ኦሮምኛና አማርኛ እየተናገረ ያድጋል፤ ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ የሚያስበውን ነገር በማያስብበት ቋንቋ እንዲጽፍ ይታዘዛል። ከመጽሐፍ ያገኘውን ዐረፍተ ነገር «በራስህ ቃል ግለጠው» ይሉታል። በእንግሊዝኛ የራሱ የሆነ ቃል ከየት ያመጣል? ያለው ቃል ሁሉ የተበደረው ነው። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩን እንዳለ ያነሣዋል፤ ሁለት ቃል ይለውጣል፤ ሲለውጥም ያበላሸዋል። ይህን ያደረገው ተማሪ ሁሉ አሳብ የሌለው ነው ማለት ስሕተት ነው። አሳቡ ከቋንቋው ጋር ሳይገናኝ ቀርቶበታል።

ቋንቋ ግን ሁሉን ነገር አይፈታም፤ በገዛ ቋንቋቸው የሚጽፉትም ይሰርቃሉና። የጀርመኑ የጦር ሚኒስትር ካርል ቴዎዶር ዙ ጉተንበርግ የዶክተርነት ጽሑፋቸው ከሌሎች የተገለበጠ ሆኖ ስለ ተገኘ የባይሮይት ዩኒቨርሲቲ ማዕርጋቸውን ገፎአቸው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በማግሥቱ ዓመት የሀንጋሪው ፕሬዚዳንት ፓል ሽሚት በዚሁ ምክንያት ከወንበራቸው ወረዱ። እነዚህ ሰዎች ቋንቋ አልቸገራቸውም፤ የፈለጉት ማዕርጉን ነበር።

ስለ ማዕርግ ከተነሣ፣ ዱከም ላይ ፋብሪካ የከፈቱት ቻይናውያን ከእኛ አስቀድመው ያዩት ነገር አለ። በአገራቸው የመንግሥት ሹመት የሚሰጠው በጽሑፍ ፈተና ስለ ነበር፣ ማጭበርበሩም የዚያኑ ያህል በዛ። በሶንግ ነገሥታት ዘመን የተፈታኙ ስም እንዲሸፈን፣ እንዲያውም የእጅ ጽሕፈቱ እንዳይታወቅ ወረቀቱን ሌሎች ጸሓፊዎች ገልብጠው ለመርማሪዎቹ እንዲያቀርቡ ተደርጎ ነበር። እንግዲህ ኩረጃን ለመከላከል ሲባል የተቀጠሩ ገልባጮች ነበሩ ማለት ነው! በዚህም ሁሉ ማጭበርበሩ ሳይጠፋ ፈተናው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1905 ቀረ። ወረቀት ለሹመት መግቢያ በር በሆነበት አገር ሁሉ፣ በሩን የሚከፍት የሐሰት ቍልፍ የሚሠራ ሰው አይጠፋም።

አንተም የመንግሥት ሠራተኛ እንደ መሆንህ ይህን ሳታየው አትቀርም። የደረጃ ዕድገት ማስታወቂያ በሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ የሚጠይቀው ሰውዬው የሚያውቀውን ሳይሆን የያዘውን ወረቀት ነው። የ16 ዓመት ልምድ ያለው ሠራተኛ ትናንት ከመጣው ወጣት በታች እንዳይሆን ቅዳሜና እሑድ ይማራል፤ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ በላዩ ላይ ነው፤ ጽሑፉ የሚደርስበት ቀን ሲቀርብ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል። በየዩኒቨርሲቲው ደጃፍ ካሉት የጽሕፈት ቤቶች የትኞቹ መመረቂያ ጽሑፍ እንደሚያዘጋጁ መጠየቅ እንኳ አያስፈልግም። ጽሕፈት ቤቱን መውቀስ ይቀላል፤ ገበያውን የፈጠረው ግን መሥሪያ ቤቱ ነው። የምናገረውም ስለ ራሳችን ነው፤ እኛው በምናወጣው ማስታወቂያ እኛው የምንገዛውን ወረቀት እንጠይቃለንና።

ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቻት ጂፒቲ የሚባለው ለታዘዘው ሁሉ ጽሑፍ የሚያወጣ የኮምፒዩተር መሣሪያ ስለ መጣ፣ የፎቶ ኮፒ ቤቱም እንጀራ ሳይቀንስ አልቀረም። ኮሌጆች ጽሑፍን ከጽሑፍ የሚያስተያይ መሣሪያ ይዘዋል፤ ነገር ግን መሣሪያው የሚያስተያየው በመዝገቡ ካለው ጋር ነው፤ በመደርደሪያ ተቈልፎ የቀረውን የሌላ ኮሌጅ ወረቀት አያውቀውም። ዱከም ሐይቅ እንደሌላትም አያውቅም። ያን ለማወቅ የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል። እኔ ያነበብሁት እንኳ ሐይቁን አይቼ ፈርሜአለሁ፤ ለምን ፈረምህ ብትለኝ፣ ሰውዬው በበረንዳ የነገረኝን አስቀድሜ በጉባኤው ውስጥ ብጠይቀው ኖሮ ያን ጽሑፍ በዚያ ቀን አላልፈውም ነበር፤ እኔም እንደ ሌሎቹ ወደ ምሳ ቸኩዬ ነበር።

ከዚያ ፈተና ሁለት ወር ያህል በኋላ ያ ሰው አንድ ፖስታ ላከልኝ። በውስጡ 11 ገጽ በእጅ የተጻፈ ወረቀት አገኘሁ፤ ርእሱ «በከተማችን ደረሰኝ የማይቆረጥበት ምክንያት» ይላል። ጽሕፈቱ ያዘመመ ነው፤ ሥርዝ ድልዝም አለበት። በሁለት ስፍራ ላይ የባልደረባውን ስም ጠርቶ፣ «ይህን ያስረዳኝ እርሱ ነው» ብሎ ጽፎአል። በአማርኛ ስለ ሆነ ኮሌጁ አይቀበለውም፤ እርሱም እንዲቀበለው አልጠየቀም። ዛሬ በመሳቢያዬ ውስጥ ይገኛል። በኮሌጁ መደርደሪያ ላይ ያለው ግን ያኛው ነው።